ለ34 የሠርግ እንግዳ የእንጦጦና የመሀል ከተማ ፕሮግራም፦ መቼ ምን ይሁን?

የሙሽራው እህት (ታኅሣሥ 2)

ጤና ይስጥልን። ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። መልሱ ማክሰኞ ጥር 19፣ ቅልቅሉ ቅዳሜ ጥር 23። ከሩቅ የሚመጡት 34 ናቸው፦ 19 ከዋሽንግተንና ከዱባይ፣ 15 ከድሬዳዋና ከሐዋሳ። ሰባቱ ከ65 ዓመት በላይ ናቸው፤ አምስት ልጆች አሉ። የሚያርፉት ፒያሳና አራት ኪሎ ነው። ትኬት ተቆርጧል። አብዛኞቹ ማክሰኞ ጥር 12 ጠዋት ይገባሉ፣ የሚመለሱት ጥር 24 እና 25 ነው።

ቤተሰቡ በድግስ ተወጥሯል፤ እንግዳው ደግሞ ሆቴል ተቀምጦ ጣሪያ መቁጠር የለበትም። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ረቡዕ ጥር 13 ሁሉም እንጦጦ፣ ሐሙስ ሙዚየም፣ ዓርብ ሽሮ ሜዳ፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ፣ ከሠርጉ በኋላ ሰኞ ፒያሳ ጊዮርጊስና ዓድዋ፣ ሐሙስ ጥር 21 እንጦጦን ላልጠገቡት ድጋሚ። ሁሉም በአንድ ኮስተር። የጎደለውን ንገሩኝ።

ነርስ በሥራ ላይ (ታኅሣሥ 2)

እህቴ፣ የረቡዑን እንጦጦ ሰርዢው። ማክሰኞ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው በማግስቱ እዚያ ጋራ ላይ መቆም የለበትም።

ዋሽንግተንም ዱባይም ከባሕር ወለል እምብዛም አይርቁም። መሀል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ 3,200። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ፒያሳ ላይ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ይቀራል፣ እንጦጦ ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ። ሰውነት ለዚህ ትንፋሽ በማብዛት ይመልሳል፤ ማስተካከያው ግን ቀናት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እንቅልፍ መቆራረጥ፣ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ደረጃ ላይ መድከም የተለመደ ነው። የድሬዳዋዎቹንም አትርሺ፤ እነሱም ከ1,200 ሜትር ገደማ ነው የሚመጡት። የሐዋሳዎቹ 1,700 ላይ ስለሚኖሩ ይሻላሉ።

እንጦጦን ሐሙስ ጥር 14 አድርጊው። ሁለት ሌሊት አድረው ይወጣሉ፣ ወርደውም መሀል ከተማ ያድራሉ። ከፍ ብሎ ማደር ነው ከባዱ፤ ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ መውረድ ለጤነኛ ሰው አያሰጋም።

ማክሰኞና ረቡዕ ጠጅና አረቄ አይቅረብ። «እንኳን ደህና መጣህ» እየተባለ የሚቀዳው የመጀመሪያው ማታ ነው ብዙ ሰው የሚጥለው፤ መጠጥ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ውሃም ያስወጣል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የማጭድ ሴል ደም ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ከሆነች፣ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የደም ግፊት መድኃኒት የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል።

ጋራው ላይ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚዘባረቅ ሰው ካለ «ትንሽ ይረፍ» አይባልም። ወዲያው በመኪና ወደ ታች፣ ከዚያ ሆስፒታል።

ሰባ ደረጃ (ታኅሣሥ 2)

እኔ ደግሞ እንጦጦ ከሠርጉ በኋላ ይሁን ባይ ነኝ። ከሠርግ በፊት አንዱ እግሩን ቢያጥፍ ለሙሽራውም ጭንቀት ነው። ሐሙስ ጥር 21 ብለሽ ያወጣሽው ላይ ሁሉንም ብትጨምሪያቸው?

ዲያቆን ዘእንጦጦ (ታኅሣሥ 2)

ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ናት! እንጦጦ ማርያም በዚያ ቀን ታቦት ይወጣል፤ መንገዱ ከሌሊት ጀምሮ በምእመን ይሞላል። ለማንገሥ የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ በእግሩ፣ ነጠላውን ለብሶ፣ በጠዋት። ኮስተር ይዞ «ለመዝናናት» የሚወጣ ግን አያልፍም።

የሰኞውንም ተመልከቺው። ጥር 18 ሰባር አጽሙ ለጊዮርጊስ ነው፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ ደግሞ በዓሉ ነው። በዓሉን ማየት ለሚፈልግ ከዚያ የሚበልጥ ቀን የለም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሙዚየምና ሥዕሎቹን በጸጥታ ማየት ለሚፈልግ ግን ረቡዕ ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት የሚገቡት የከተራንና የጥምቀትን ቀን ለጥቂት አልፈዋል፤ የሚካኤል ታቦት ግን የሚገባው በ12 ስለሆነ ድካም ያልያዘው መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይችላል። በዚያው ምክንያት ጃን ሜዳና ስድስት ኪሎ አካባቢ መኪና ላያልፍ ይችላል፤ ሾፌሩ ይወቀው።

ምሳ የምታዢ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ጥምቀት ሰኞ ስለዋለ ጾሙን አያስቀርም። ከ34ቱ ስንቱ ጿሚ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ።

የሙሽራው እህት (ታኅሣሥ 3)

ጥር 21ን ከነጭራሹ ረስቼው ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሺ፣ እንጦጦ ሐሙስ ጥር 14። ረቡዕ ታዲያ ምን ላድርጋቸው? ሙዚየሙ ውስጥም መራመድ አለ እኮ።

አራት ኪሎ አስጎብኚ (ታኅሣሥ 3)

ረቡዕ ጠዋት መሀል ከተማ፣ ግን ቁልቁል። ሰው ሁሉ ከአራት ኪሎ ይጀምርና ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ይሄዳል፤ ለአዲስ እንግዳ ይህ በተቃራኒው መሆን አለበት። መኪናው ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልት ጋ ያውርዳቸው። የ1929ኙን ጭፍጨፋ የሚዘክር ሐውልት ስለሆነ የሠርግ ሳቅና የቡድን ፎቶ ቦታው አይደለም፤ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ይበቃል።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። ሕንጻው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሡ መኝታና መታጠቢያ ክፍል አለ። ለውጭ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚገባቸው ይህ ሙዚየም ነው፤ የተደረደረው ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ቅደም ተከተል ስለሆነ የጋብቻ ሥርዓትም እዚያው ያገኛሉ። እሑድ የሚያዩትን ነገር ረቡዕ ይረዱታል። ደረጃ አለውና ትልልቆቹ ቀስ ይበሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። መግቢያው በር ላይ መታወቂያና ፍተሻ አለ፤ ፓስፖርቱን ሆቴል የተወ ሰው 33ቱን ያስቆማል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች። ለእይታ የሚቀመጠው ቅጂዋ መሆኑን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ አንዱ «ኦሪጅናሉ የት አለ» እያለ ጉብኝቱን ይበላዋል። አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ። የጊዜ ልዩነቱ ያልለቀቀው ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የሚነገረውን አይሰማም።

ለብርቱዎቹ ብቻ 10 ሰዓት ላይ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ነው፣ የሲልቪያ ፓንክረስት ደግሞ ግቢው ውስጥ።

ዓድዋ ድል መታሰቢያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2016 የተከፈተ ትልቅ ግቢ ነው፣ ፒያሳ መሀል፣ ከጊዮርጊስ በእግር ቅርብ። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማገናኘትሽ ልክ ነው፤ ጊዮርጊስም የተሠራው ለዓድዋ መታሰቢያ ነውና ታሪኩ ይያያዛል። ሰኞውን ወደ ሌላ ቀን ውሰጂው ብቻ።

ኮስተር ከነሾፌሩ (ታኅሣሥ 3)

34 ሰው በአንድ ኮስተር አይሆንም። ኮስተር እንደ ሞዴሉ ከ24 እስከ 30 መቀመጫ ነው፣ የመሀሉ ታጣፊ ወንበር ተቆጥሮ። ታጣፊው ላይ ትልቅ ሰው እንጦጦ ድረስ አታስቀምጪ። አንድ ኮስተርና አንድ ሃይሩፍ ያዢ፤ ሽማግሌዎቹና ልጅ የያዙት ሃይሩፉ ላይ። ጥቅሙ የመቀመጫ ብቻ አይደለም፦ አንድ ሰው ካመመው ሃይሩፉ ይዞት ይወርዳል፣ የቀሩት ፕሮግራማቸው አይበላሽም።

ስትዋዋዪ እነዚህን በጽሑፍ፦ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ላለው በሰዓት ስንት፣ የፓርኪንግና የሾፌር ምሳ በማን። ሠርግ ላይ ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በነዳጅና በትርፍ ሰዓት ነው። ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በዓይንሽ እዪ።

እንጦጦ መውጣት ሞተሩን ነው የሚፈትነው፣ መውረድ ግን ፍሬኑን። የሞላ ኮስተር በ2ኛ ማርሽ ነው የሚወርደው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የሚለቅ ሾፌር ካየሽ አስቁሚው፤ ሞተሩ መያዙን ካቆመ ክብደቱ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ 20 ደቂቃ ማቆም ነው። ውሃ አይደፋበትም፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

መሀል ከተማ ደግሞ ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ እንዳሻው መንገድ ዳር ማቆም የለም፣ ቅጣት አለው። አውርዶ ይሄዳል፣ ሲደወልለት ይመጣል። ስለዚህ ከእንግዶቹ መካከል አንድ «ደዋይ» ምረጪ። አራት ሰው ከደወለ ሾፌሩ አራት ቦታ ነው የሚሄደው።

የሽሮ ሜዳ ጥለት (ታኅሣሥ 3)

ሽሮ ሜዳ ለብቻው ቀን አያስፈልገውም፤ ከእንጦጦ ሲወርዱ መንገድ ላይ ነው። ግን ልብስ ለሠርጉ የሚፈልግ ሰው ጥር 14 መጥቶ ማዘዝ አይችልም። ጥር ሸማኔው እጁ የማይፈታበት ወር ነው። ትእዛዝ ያላቸው ልኬታቸውን እስከ ታኅሣሥ 10 ይላኩ፦ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የክንድ ርዝመት፣ የሚያደርጉት ጫማ ተረከዝ ጭምር። ተረከዙን ሳይናገሩ ነው ቀሚሱ መሬት የሚጠርገው።

በዚያ ቀን የሚገዛው ዝግጁ ልብስ ነው። የእጅ ፈትሉን የሚለዩት በዓይን ሳይሆን በጣት ነው፤ ክሩ አንድ ወጥ አይደለም፣ ወፈር ቀጠን ይላል፣ ገላ ላይ ይለሰልሳል። የፋብሪካ ክር ድርድሩ እኩል ነው። ሁለቱም ይለበሳል፣ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆን ነጭ ሶፍት በምራቅ አርጥቦ ማሸት ነው፤ ሶፍቱ ቀይ ካወጣ የመጀመሪያው እጥበት ነጩን ሁሉ ያበላሸዋል።

ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ለጋራው ጠዋት ጋቢ ግዢላቸው ወይም ከቤት አውጪላቸው፤ ቅያሪ ጃኬት ከመፈለግ ይሻላል። ለውጭዎቹ አስተምሯቸው፦ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። ሠርግ ላይ ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ። በየሠርጉ አንድ ሁለት ሰው ሳያውቅ እንዲያ ለብሶ ሽማግሌ ሲያስደነግጥ ይታያል።

ሰባ ደረጃ (ታኅሣሥ 4)

እሺ ተሸነፍኩ፣ ሐሙስ 14 ይሁን። ግን ፓርኩ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያኑ? ሁለቱ አንድ ቦታ እየመሰለ ሰው ይጠፋፋል።

አራት ኪሎ አስጎብኚ (ታኅሣሥ 4)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቀን የሚበላው ይኸው ነው። «እንጦጦ እንገናኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 የተከፈተው 1,300 ሄክታር የሚሆን ደን ነው፤ መግቢያውም ከአንድ በላይ ነው፣ በአንዱ በር የገባና በሌላው የገባ በእግር ቶሎ አይገናኙም። እንጦጦ ማርያም ሌላ፣ ራጉኤልም ሌላ። በጽሑፍ የበሩን ስም ጻፊ፣ ካርታ ላይ ነጥቡን ላኪ።

ቅደም ተከተሉ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፒያሳ መነሳት። መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ ላይ ይያዛል። መጀመሪያ እንጦጦ ማርያም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የደፉት እዚያ ነው። ሙዚየሙንና የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸውን ማየት አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ዛሬ መሀል ከተማ የሆነው ፍልውሃ ለምን እንደተመረጠ እዚያ ቆሞ መናገር ነው፦ ጋራው ብርዳም ነው፣ ማገዶውም አለቀ፣ እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ፍል ውሃውን ወደዱት። አሁን ጋራውን የሞላው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው ማገዶ ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ «ኢትዮጵያዊ ዛፍ» እያሉ ፎቶ ሲያነሱ ይህን ንገሯቸው።

ከዚያ ቡድኑ ይከፈል። ትልልቆቹ በሃይሩፍ ራጉኤልን አይተው ፓርኩ ውስጥ ካለ ካፌ ይቀመጡ። ወጣቶቹና ልጆቹ ወደ መጫወቻው፦ ፈረስ፣ ብስክሌት፣ የገመድ ላይ መንሸራተቻ። የገመዱ ጨዋታ የክብደትና የቁመት ገደብ አለው፣ ለአንዳንዱም ወላጅ ይፈርማል፤ ልጁን አስጎምጅቶ በር ላይ ከመመለስ ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ። ቀሚስ ለብሶ መንሸራተት አይቻልም። ሐሙስን የመረጥንበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰልፉ ረጅም ነው፣ በጥር ቅዳሜ ደግሞ ሙሽራ በየዛፉ ሥር ነው።

ጫማ፦ ሶሉ ጥርስ ያለው። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሰባ ደረጃ የፈራው የእግር መታጠፍ የሚመጣው ከከፍታው ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። 7 ሰዓት ላይ መውረድ።

ዲያቆን ዘእንጦጦ (ታኅሣሥ 4)

በጸበሉ አካባቢ ፎቶ አይነሳ። ሕመምተኛ አለ፣ እርቃኑን የሚጠመቅ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ። የወንድና የሴት በር ይለያያል፤ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንዱ በር ሲገቡ ነው ዘበኛው የሚቆጣው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችም ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው።

ፎቶ ቤት (ታኅሣሥ 4)

ከጋራው ላይ «ከተማውን ከኋላ አድርጋችሁ ቁሙ» የሚባለው የቡድን ፎቶ ለምን ፊት እንደሚያጠቁር ላስረዳ። ከተማዋ ከእንጦጦ በስተደቡብ ናት። በጥር ፀሐይዋም ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከሰዎቹ ጀርባ ትሆናለች፤ ሰማዩ ነጭ፣ ፊቱ ጥቁር። በተቻለ መጠን ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት አንሱ፤ ያኔ ፀሐይዋ በጎን ናት፣ ከተማውም ላይ ጭጋጉና አቧራው ገና አልነሣም። ካልሆነ ሰዎቹን አዙራችሁ ከተማውን ትታችሁ ከዛፉ ጋር። ጥላው ሥር ግማሹ ሰው ፀሐይ ላይ ግማሹ ጥላ ላይ እንዳይቆም።

ከውጭ የሚመጡት ድሮን እንዳያመጡ። ያለ ፈቃድ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። የማጉያ መነጽርም እንዲሁ ሲያዝ ይታያልና የአዕዋፍ ፍቅር ያለው አጎት ካለ ይነገረው። በቤተ መንግሥቱ አጥር በኩል ሲያልፉ ካሜራ አይወጣም። አንድነት ፓርክ ለመግባት የሚያስቡ ከሆነ ስልክ ብቻ ይዘው ይሂዱ፣ ትልቁ ካሜራና ቦርሳው ሆቴል ይቅር።

የሙሽራው እህት (ታኅሣሥ 5)

በጣም ጠቅማችሁኛል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቅዳሜ ጥር 16 ቢሾፍቱ እንዴት ነው? ሌላው፣ የውጭዎቹ የአክስት ልጆች «እኛም ድግስ ቤት ገብተን እንርዳ» እያሉ ነው። እናቴ ደግሞ «እጃቸውን ቆርጠው ይጨርሱኛል» ትላለች።

ኮስተር ከነሾፌሩ (ታኅሣሥ 5)

ቅዳሜን ተይው። ፈጣን መንገዱ ቢሾፍቱን ያቀርባል፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ሲመለሱ የከተማው መግቢያ ላይ የሚቆመው መኪና ነው ችግሩ። በሠርግ ዋዜማ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው እሑድ ጠዋት አይነሣም። ረቡዕ ጥር 20 ውሰጃቸው፤ መልሱም አልፏል።

ነርስ በሥራ ላይ (ታኅሣሥ 5)

ቢሾፍቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። እስከ ረቡዕ ጥር 13 ራሱን የሚያመው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ትልቅ ሰው ካለ ወደ እንጦጦ ከሚወጣ ይልቅ ወደ ሆራና ባቦጋያ ሐይቅ ቢወርድ ነው የሚሻለው። ሐሙስ ጥር 14 ለእንጦጦ ያልሆኑትን እዚያ መላክም ይቻላል፣ በሃይሩፉ ሳይሆን በራይድ ወይም በዘመድ መኪና።

ሰኞ ጥር 18 ደግሞ ምንም አታድርጊ። የደከመው ይተኛ። ፍልውሃ ቅርብ ነው፣ መታጠብ የሚፈልግ ይሂድ፤ ግን ግፊት ያለበት ወይም ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ አይቆይ። ሙቀቱ የደም ሥሩን ያሰፋዋል፣ ሲነሣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይወድቃል። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መነሣት።

የድግስ ቤት አዛዥ (ታኅሣሥ 5)

ልጆቹን አታባርሯቸው! ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሥራ አለላቸው፣ ቢላ የሌለበትም ጭምር። ዓርብ ከሰዓት ይምጡ።

ሽንኩርት፦ ልምድ የሌለው ሰው በሰዓት ከአራት አምስት ኪሎ በላይ ልጦ አይከትፍም። ስለዚህ እነሱ ይላጡ፣ የሚከትፉት ባለሙያዎቹ ይሁኑ። ላጩ ሽንኩርቱን ሥሩ በኩል እስከ መጨረሻው አይቁረጥ፤ የሚያስለቅሰው በብዛት ያለው እዚያ ነው። ቢላው ስለታም ይሁን። ደነዝ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፣ ሲጨፈለቅ ጋዙ ይወጣል፣ ዓይን ያቃጥላል። ከውጭ መቀመጥ፣ ነፋስ ከጀርባ። ሌንስ የሚያደርግ አውልቆ በመነጽር ይምጣ።

እንቁላል መላጥ ግን ለእንግዳ ልጅ የተፈጠረ ሥራ ነው። ለዶሮው የሚቀቀለው እንቁላል እዚህ ከፍታ ላይ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የውጭው «አስር ደቂቃ» አይሠራም፤ ከፈላ በኋላ 14፣ 15 ደቂቃ ስጡት። የዛሬ እንቁላል ልጣጩ ነጩን ይዞት ይነሣል፤ ሳምንት የቆየ ይሻላል። ከፈላው አውጥቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ከወፍራሙ ጫፍ መሰንጠቅ፣ የአየሩ ኪስ እዚያ ስለሆነ።

ዶሮ መበለት ላይ ግን አይግቡ። 12 ብልት ተቆጥሮ የሚወጣ ነገር ነው፣ አንዱ ብልት ከጎደለ ማታ ላይ ጥያቄ ይነሣል። የዶሮው እጥበትም እንዲሁ። ክርክር የለውም።

ሦስተኛው ሥራ ቄጠማ መጎዝጎዝና ፈንዲሻ ማፈንዳት። ፎቶውም የሚያምረው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ጋራው ላይ ቡና እናፍላ የሚሉ ይኖራሉ። እዚያ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ነፋሱም ከሰሉን ይበላዋል፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ እሳት ማንደድ ሞኝነት ነው፣ ቅጠሉ ዘይት አለው። ከቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይሂድ። አንዱ ፔርሙዝ ያለ ስኳር፣ ክዳኑ ላይ ምልክት።

አራት ኪሎ አስጎብኚ (ታኅሣሥ 5)

ለውጭዎቹ የምትልኪው መልእክት ላይ ሰዓቱን ሁለቴ ጻፊ። «ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት» ብለሽ ከላክሽ ከዋሽንግተን የመጣው ልጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሎቢ ተቀምጦ ይገኛል፣ ወይም ከቀትር በኋላ። «ጠዋት 2፡00፣ በፈረንጅ 8፡00» ብለሽ። ቀኑንም እንዲሁ፦ ጥር 14 ማለት ጃንዋሪ 22፣ ሠርጉ ጃንዋሪ 25። የሳምንቱን ቀን አብሮ መጻፍ ስህተቱን ራሱ ያጋልጠዋል።

የሙሽራው እህት (ታኅሣሥ 6)

ለሁሉም ልኬአለሁ፣ ሰዓቱን በሁለት መንገድ። ጥር 20 ቢሾፍቱ ረቡዕ ስለሆነ ጾሙን አስቤ ዓሣም አለ ብያለሁ። ለጿሚ ዓሣ እንደማይሆን አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ዲያቆን ዘእንጦጦ (ታኅሣሥ 6)

ልክ ነሽ፣ ለጿሚው በያይነቱ ይታዘዝ። ሬስቶራንቱ ቀድሞ ይወቀው፤ የዓሣው መጥበሻ ዘይት ለጾሙ ምግብ እንዳይደገም በስም ንገሪያቸው።

ኮስተር ከነሾፌሩ (ታኅሣሥ 6)

አንድ ነገር ብቻ። ናፍጣ ሰልፍ አለው፤ ለሐሙስ ጉዞ ረቡዕ ማታ ይሞላ፣ ሙሉ መሆኑን ሾፌሩ ጌጁን ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ። ጠዋት 2 ሰዓት «ነዳጅ ልቅዳ» ብሎ የሚሄድ ኮስተር 4 ሰዓት ነው የሚመለሰው፣ ያኔ ፎቶ ቤት ያለው ፀሐይም አልፏል። ውሃውን በካርቶን ከኋላ ወንበር ሥር አድርጊ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል፤ ሽንት የያዘው ልጅም ስለማይጠፋ ከሽሮ ሜዳ በላይ ሳይወጡ መጸዳጃ ያስጠቅሟቸው።